አባቷ ስር የተቀመጠው ካርድ

ሰው የጠፋበትን ሲያገኝ ደስ ይለዋል የሚል ካለ፣ ያን ዕለት ጧት ቦሰና አለሙን ያላየ ነው።

መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ባለው የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ሴቶች የካርድ መሳቢያ እያራገፉ ነበር። የሚሊኒየሙ በዓል ሰሞን አንድ በጎ አድራጊ ሦስት ኮምፒውተሮች ሰጥቷል። እናም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን መጽሐፍ አድራሻ ሲናገሩ የኖሩት ካርዶች ወደ ማሽኑ ከተገለበጡ በኋላ በጆንያ ታጭቀው አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሊወርዱ ነው። የምትተይበው ሀፍሷ ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ ጣቷ እንደ ምላሷ የሚፈጥን ልጅ። ቦሰና ደግሞ ዝርዝር ይዛ በመደርደሪያዎቹ መካከል ትዘዋወራለች፤ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ሠራተኛ እሷ ነች።

«እትዬ ቦሰና፣ ይሄኛው ካርድ ቁጥር የለውም» አለች ሀፍሷ ከ«አ» መሳቢያ አንዱን መዝዛ። «ቀዳዳም የለው። ታችኛውን ጠርዝ በመቀስ ሰንጥቀው ነው ሽቦው ላይ ያስቀመጡት። የማን ሥራ ነው ደሞ?»

ቦሰና ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «እትዬ» መባል የጀመረችው ዘንድሮ ሲሆን፣ በተባለች ቁጥር ልቧ ጭምድድ ይላል። አሁን ግን የጨመደዳት ሌላ ነገር ነው። ካርድ በመቀስ ሰንጥቆ የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የምታውቀው።

«አለሙ፣ ቦሰና ይላል» ሀፍሷ ሳቀች። «አባቱ ቦሰና የሚባል ደራሲ! የሴት ስም እኮ ነው…» ቀና ስትል የቦሰናን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ቦሰና ካርዱን ተቀበለቻት። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ጽሑፉ ግን የእሱ ነው፣ ወደ ግራ የሚጋደመው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩለው ጽሑፍ።

*አለሙ፣ ቦሰና። እንዳልሽው አባትሽ ስር ፈለግሁሽ። አሁን ከዚያ ውጪልኝ። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሳለሚያ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ እጠብቅሻለሁ። የአጎቴ ፒክአፕ ጨርቅ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፤ ሁለት ቦታ ይዣለሁ። እዚያ ሱቅ ሊሰጠኝ ነው። ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን፤ አንቺም በሃይማኖትሽ፣ እኔም በሃይማኖቴ። ካልመጣሽ አባትሽን መረጥሽ ብዬ እቆርጣለሁ። ሁለተኛም አላስቸግርሽም። ኢስሀቅ። ግንቦት 1996።*

ግንቦት ዘጠና ስድስት። አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ ይህ ካርድ እሷ በየቀኑ ከምትቀመጥበት ወንበር ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር። አቧራውን የምትጠርገው እሷ፣ መሳቢያውን የምትቆልፈው እሷ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው እሷ ነበረች።

«ምን ልበለው?» አለች ሀፍሷ በቀስታ። «መጽሐፉ የት አለ?»

«መጽሐፍ የለውም» አለች ቦሰና። እንባዋ መጣ እንዳይባል አልመጣም፤ እንባ የሚመጣው ነገሩ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ለጊዜው የተሰማት፣ ደረጃ ስትወርድ አንድ እርከን እንደጎደለባት ሰው ያለ ባዶነት ብቻ ነበር።

*

ነገሩ የጀመረው በጥያቄ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሸሚዙ ላይ የጨርቅ ክር የተጣበቀበት አንድ ወጣት ካርድ ማውጫው ፊት ቆሞ መሳቢያ ሲከፍት ሲዘጋ አየችው። የሐጂ ባህረዲን ልጅ ነው። ሐጂ ባህረዲን የጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ ናቸው፤ በመርካቶ ሲያልፉ ነጋዴው ከወንበሩ ብድግ የሚልላቸው ሰው። ልጃቸው ግን ከዓስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት በኋላ ከሱቅ እየሾለከ ከመጻሕፍት መካከል መደበቅ ይወዳል።

«እህት፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አላት። «የፈረንጁ ጸሐፊ በአባቱ ስም ነው የተቀመጠው። የኛው ደሞ በራሱ ስም። ለምንድነው?»

ቦሰና በሥራ ዘመኗ ይህን የጠየቃት አንባቢ አልነበረም። ደስታዋን ለመደበቅ ኮስተር አለች። «ፈረንጅ የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችን ነው። አባት የማን ልጅ እንደሆንን ለመለየት ከኋላ ይከተላል እንጂ አይቀድምም።»

«በካርድ ነዋ!» ሳቀ። «መርካቶ ውስጥማ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነህ ነው። ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ትሆኛለሽ።»

«እኔም ገና አልጠየቅሁህ።»

«እየጠበቅሁ ነው» አላት፤ ዓይኑን ሳይነቅል። ጠየቀችው። ከጠየቀችው በኋላ ደግሞ ኢስሀቅ የሚለውን ያን ስም ከአፏ ማጥፋት አቃታት።

በሳምንቱ «በ» መሳቢያ ውስጥ የእሷ ሥራ ያልሆነ ካርድ አገኘች። *ቦሰና አለሙ። «ረቡዕ ዕለት የለበሰችው አረንጓዴ ሹራብ»። ሰባተኛ። የገጽ ብዛት፦ ገና አላለቀም።* ካርዶቹ ከታች ተበስተው ሽቦ ያልፍባቸዋል። ኢስሀቅ ሽቦውን መሳብ ስላላወቀበት ጠርዙን በመቀስ ሰንጥቆ ሽቦው ላይ አስቀምጦታል። መጽሐፍ በጉዳዩ የሚደረደርበትን ቁጥር ግን አልጻፈም።

«ቁጥሩስ?» አለችው በማግስቱ፤ ለመቆጣት ሞክራ አልሆነላትም።

«አንቺ ንገሪኝ። ፍቅር ስንት ቁጥር ነው?»

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈሰው ያኔ ነው። እሷም ሞኝ ሆና ከልቧ አሰበችበት። «በሥነ ልቦና ይገባል፣ በሥነ ምግባርም ይገባል፣ በልብ ወለድም አለ። አንድ ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ቁጥሩ ይቅርብን» አለ።

ሁለት ዓመት በካርድ ተዋደዱ። ምን ያድርጉ? መርካቶ ዓይን አለው፤ የቦሰና ሰፈር አማኑኤል ደግሞ ምላስ አለው። እሷ የአቶ አለሙ ልጅ ናት፤ ከጎጃም መጥተው እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ የኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ፊት የሚቀመጡ ሰው። እሱ የሐጂ ባህረዲን። አቶ አለሙ ወሬው የደረሳቸው ቀን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ «ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በወዲያኛው ቤትም የተሻለ ነገር አልተነገረም።

ካርዶቹን ግን ማንም አላወቀባቸውም። አሮጌው የካታሎግ ሠራተኛ ጋሼ ጴጥሮስ፣ ቦሰናን ሥራ ያስተማሯት፣ አልፎ አልፎ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያይዋትና ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ከሳቸው የተማረችው ብዙ ነው። «ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ካርድ ትጽፊያለሽ፤ አንዱን በጸሐፊው፣ አንዱን በርዕሱ፣ አንዱን በጉዳዩ። አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ይገባል» ይሏት ነበር። ደግሞም «ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከተሰረቀ መጽሐፍ አይሻልም። የተሰረቀውን ቢያንስ አንድ ሰው ያነበዋል» ይላሉ። ቦሰና በዚህ ትስቅ ነበር። ዛሬ ካርዱን ይዛ ስታስታውሰው አላሳቃትም።

*

በዚያው በግንቦት ዘጠና ስድስት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስደው መጡና አዲስ ትእዛዝ አወጡ። ከእንግዲህ ኢትዮጵያዊውም ጸሐፊ እንደ ፈረንጁ በአባቱ ስም ይቀመጥ፤ ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እኛም ከዓለም እንቀላቀል።

«ጌታዬ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ «እኔን ጴጥሮስ ብሎ የሚፈልገኝ አንባቢ አባቴ ምን ያደርጉለታል?» ሰሚ አላገኙም። ከ«ሀ» መሳቢያ ጀምሮ ስም መገልበጥ ተጀመረ። ቦሰና ሳምንቱን ሙሉ እየተነጫነጨች ስትገለብጥ ከረመች፤ የተነጫነጨችው ደግሞ ለኢስሀቅ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በቤተ መጻሕፍቱ የጓሮ ደረጃ ላይ ተገናኙ። ኢስሀቅ ዕንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ቤተሰቦቹ ልጅ አይተውለታል፤ ከንግግር ወደ ሽማግሌ ሊያልፍ ነው።

«ሬሳዬን ተራምደሽ አሉ። እሺ፣ ሰማሁ፤ መቶ ጊዜ ነግረሽኛል» አላት። «አንቺስ ምን አልሻቸው?»

ቦሰና የደረጃውን አቧራ በጫማዋ ጫፍ ጠረገች። ምንም አላለቻቸውም ነበርና።

«አየሽ! በካርድ ላይ ራስሽን ታስቀድሚያለሽ፤ በኑሮሽ ግን አንድ ቀን ከአባትሽ ስም ሥር ወጥተሽ አታውቂም።»

እውነት ባይሆን ኖሮ ባልተናደደች። እውነት ስለነበረ አንገበገባት። «እንግዲያው እንደ አዲሱ ደንብ አባቴ ስር ፈልገኛ!» አለችውና በሩን በላዩ ዘጋችው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ቦሰና ያለችውን ነገር ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ረስታዋለች፤ በልቧ የቀረው እሱ ያላት ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ ደንቡ ተሻረ። አንባቢው የሚያውቀውን ደራሲ ፈልጎ እያጣ ኃላፊውን በጩኸት አስጨነቃቸው፤ እሳቸውም «ለጊዜው ባለበት ይሁን» አሉ። የተገለበጡት «ሀ» እና «ለ» ብቻ ነበሩ፤ በአንድ ከሰዓት ወደ ቦታቸው ተመለሱ። «አ» መሳቢያን የነካው አልነበረም። ይህን ለኢስሀቅ የነገረው ሰው የለም። ተኳርፈዋላ!

ማክሰኞ መጥቶ ሄዷል ማለት ነው፤ እሷ ምሳ በወጣችበት ሰዓት። ረቡዕ ጧት «በ» መሳቢያን ከፈተች፤ በስሟ የተቀመጠ ነገር የለም። ሐሙስ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። ዓርብ ልቧ እየመታ ከፈተችው። የእሱን የሞባይል ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የሕዝብ ስልክ አለ። ሱቁም አሥር ደቂቃ ነው። አልሄደችም፤ አልደወለችም። በበሩ የወጣ በበሩ ይግባ አለች። ኩራት እራት ነው ሲሉ ትሰማ ነበር፤ በዚያ ክረምት በላችው፣ ጠገበችውም።

ነሐሴ ላይ መንገዱን ዘግተው እየተጠራሩ የሚያልፉ የሠርግ መኪኖች በመስኮት አየች። «የሐጂ ባህረዲን ልጅ ነው፣ መሊካ የምትባል አገባ» አሏት። ቦሰና ወደ ካርዶቿ ተመልሳ እስከ ማታ ስትደረድር ዋለች፤ አንድም አልተሳሳተችም። ጋሼ ጴጥሮስ ብቻ «ዛሬ ሂጂና ዕረፊ ልጄ» አሏት። እሳቸውም አምና አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስለዚህ ዛሬ ካርዱን ይዛ ፊቱ ልታለቅስ የምትችል አንድ ሰው እንኳ አልነበራትም።

*

ከምሳ በኋላ ሀፍሷን «መጣሁ» ብላት ወጣች። ካርዱ በቦርሳዋ ውስጥ ነው። ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ፣ ጋሪው እየተገፋ፣ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ፣ እሷ ምንም አልሰማችም። አሥር ደቂቃ ፈጀባት። አራት ዓመት ያልሄደችው መንገድ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ያገኘችው ኢስሀቅን አልነበረም። ሻሿን ወደ ኋላ ለቀቅ ያደረገች ፈገግተኛ ሴት ባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ ታጥፋለች። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን በጣቃዎቹ መካከል ትንከላወሳለች።

«ነይ ግቢ እህቴ። ለልብስ ነው ለመጋረጃ?»

«ለመጋረጃ» አለች ቦሰና። መጋረጃ አያስፈልጋትም ነበር።

«አረንጓዴ ነው የሚያምርብሽ፤ ቤትሽም ያምርበታል» አለች ሴትዮዋ ጣቃውን እየዘረጋች። «ኢክራ! ተይ አትጎትቺ!»

«ስሟ ኢክራ ነው?»

«አባቷ ነው ያወጣላት። አንብብ ማለት እኮ ነው። ድሮ ማንበብ ይወድ ነበር ይላሉ» ሳቀች መሊካ። «እኔ መጽሐፍ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ንግድ ምን ጊዜ ይሰጣል ብለሽ!»

ቦሰና ይህችን ሴት ልትጠላት መጥታ ነበር። በመንገድ ላይ ፊቷን ሥላ፣ ክፉ አድርጋ፣ አዘጋጅታት ነበር። እንዲህ ደግ ሆና መገኘቷ በደል መሰላት።

ያኔ ኢስሀቅ ከመስጊድ ተመልሶ ገባ። ወፈር ብሏል። ፂሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ሽበት አለ። አያትና በሩ ላይ ቆመ።

«መጣህ? እህታችንን አስተናግዳት፣ ይቺን መክሰሷን ላብላት» ብላ መሊካ ልጇን አቅፋ በጓዳው በር ወጣች።

«ቦሰና» አለ።  

ካርዱን አውጥታ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አኖረችለት። አየው። የገዛ ጽሑፉን እንደማያውቀው ሰው ጽሑፍ ቀስ እያለ አነበበው።

«ዛሬ ነው ያገኘሁት» አለች። «ዛሬ ጧት። ‹አ› መሳቢያ ውስጥ።»

«የት ልታገኚው ኖሯል? አባቴ ስር ፈልገኝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«በንዴት ያልኩት ነው ኢስሀቅ! አፌ ያለው ነው! ሰኞ ደንቡ ተሽሮ ነበር። እኔ በራሴ ስም ነው ስፈልግህ የከረምኩት። ያን ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መሳቢያው ፊት ነበርኩ። አንተ እዚያ ስትቆም እኔ እዚህ ቆሜ ነበር።»

ኢስሀቅ ባንኮኒውን ያዘ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁሽ። ሾፌሩ ሰድቦኝ ሄደ። ቀይ ነጠላ ያደረገች ሴት ከታክሲ በወረደች ቁጥር እሮጥ ነበር፤ አንቺ ቀይ ነጠላ እንደሌለሽ እንኳ ረስቼ።»

«ከዚያስ ለምን አልመጣህም? አሥር ደቂቃ ነው! መጥተህ ያን መሳቢያ አንዴ ብትስበው፣ ካርድህ እንዳለ ቁጭ ብሎ ብታየው…»

«አንቺስ? ላንቺ አሥር ደቂቃ አይደለም?»

 እልህ መልስ የለውም፤ ሁለቱም ያን የኩራት እራት ከአንድ ድስት በልተዋል።

«ሦስት ካርድ ነው የሚጻፈው» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ነግሬህ ነበር። አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲገኝ። አንተ አንድ ብቻ ጻፍክ።»

«እኔ ሰው ነበርኩ እንጂ መጽሐፍ አልነበርኩም ቦሰና። እንዲያ ያለውን ነገር ሰው ሦስት ጊዜ አይጽፈውም።» ካርዱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ለምንድነው ያመጣሽልኝ?»

«ሆን ብዬ እንዳልቀረሁብህ እንድታውቅ።»

«አሁን ማወቄ ምን ይፈይድልኛል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማድረጉ ከጩኸት ባሰ። «አራት ዓመት አንቺን መጥላት ተማርኩ። በስንት መከራ! ጧት ስነሳ ‹አባቷን መረጠች› እላለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ከመሊካ ጋር እስቃለሁ፣ ልጄን አቅፋለሁ። የቆምኩት በሱ ነበር። ዛሬ መጥተሽ እሱን ወሰድሽብኝ። አሁን በምን ልቁም?»

ቦሰና አየችው። የመጣችው ንጹሕ መሆኗን ለማስመስከር ነው፤ ይህ ሰው በኋላ እንዴት እንደሚኖር አንድ ጊዜም አላሰበችም። በጓዳ በኩል ሕፃኗ ትስቃለች። ከአራት ዓመት በፊት ባለመሄዷ አጥፍታለች፤ ዛሬ ደግሞ በመምጣቷ አጠፋች።

ኢስሀቅ ካርዱን አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ጣቱ ነካት፤ ወዲያው ሰበሰበው። «ውሰጂው። እዚህ ቤት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።»

«ተስማማችሁ?» አለች መሊካ የልጇን አፍ እየጠረገች ብቅ ብላ።

«አዎ» አለ ኢስሀቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ሦስት ሜትር ቁረጪላት።»

ቦሰና የማያስፈልጋትን አረንጓዴ ጨርቅ ታቅፋ ወጣች። መሊካ ከኋላዋ «በደስታ ተጠቀሚበት!» ስትላት፣ ምርቃት እንደ እርግማን ሊያቃጥል እንደሚችል ያን ቀን አወቀች።

*

ወደ ሥራ አልተመለሰችም። እግሯ በመሳለሚያ በኩል ወሰዳት። ታክሲ ተራው አጠገብ ትንሽ ቆመች፤ ረዳቱ «ገቢ ነሽ?» ሲላት ራሷን ነቀነቀችና በእግሯ ወደ አማኑኤል አዘገመች።

በመንገድ ላይ ቃላት አዘጋጀች። ለአንድ ሰው መናገር አለባት፤ የሚገባውም ለአባቷ ነው። ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ ያሏት እሳቸው ናቸው። ተራምዳ ባትሄድም ሬሳ የሆነችው እሷ ናት። ይኸው ካርዱ፣ ይኸው እርስዎ ስር ተቀብሮ የተገኘው፣ ያንብቡት ልትላቸው ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ ፊት አፏን ልትከፍት ነው። ልቧ እንደ ዘጠና ስድስቱ ዓርብ መታ።

ግቢው ስትደርስ ጎረቤታቸው እትዬ ባይነሽ፣ ቀን ቀን አባቷን የሚጠብቁላት፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። «ዛሬም ያው ነው ልጄ። ምሳ በልተዋል፣ ግን እናታቸውን ሲጠሩ ነው የዋሉት» አሏት። አቶ አለሙ መርሳት ከጀመራቸው ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባቸው፣ ከዚያ የጤፍ ደንበኞቻቸው ስም፣ ከዚያ ዕለተ ሰንበት። ቦሰና ግን እስከ ዛሬ ጠፍታባቸው አታውቅም ነበር።

መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የምሽቱ ጀንበር ሽበታቸው ላይ አርፏል። ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው በአንገታቸው ዙሪያ ሰፍቷቸዋል። ቦሰና ጨርቁን መሬት ላይ ጣለችና ካርዱን አውጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ማነሽ?» አሉ።

«ቦሰና ነኝ።»

ስሙን በአፋቸው ውስጥ አገላብጠው ቀመሱት። አልታወሳቸውም። እንግዳ ሰው ሲገጥማቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠይቁትን ጠየቁ።

«የማን ልጅ?»

ካርዱ በእጇ ላይ ነበር። አንድ እንኳ ያዘጋጀችው ቃል አልመጣላትም።

«የአለሙ» አለች።

«አለሙ… አለሙ… የእህል በረንዳው?» ግንባራቸውን አጨማደዱ፤ በጨለማ ቤት ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። «አውቀዋለሁ መሰለኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው? ደግ ነው?»

ቦሰና ተንበርክካ የተፈታውን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፈችላቸው። ደግ ነው እንዳትል አፏ እንቢ አለ፤ ክፉ ነው እንዳትል አንጀቷ አልቻለም።

«አባቴ ነው» አለቻቸው። ያን ቀን ሙሉ እንቢ ያለው እንባዋ ያኔ መጣ።